ፓኬቱን ገልብጡት፦ ስለ ደረቅ የህፃናት ምግብ ደብረ ብርሃን ላይ ያወራሁት

(ቅዳሜ ለት ለእናቶች ያወራሁት ነው። ድምፁ የተቆራረጠባቸው ብዙ ስለሆኑ ጻፊልን ባላቹኝ መሰረት እንደወረደ አስቀምጬዋለሁ፣ ትንሽ ብቻ ነው ያስተካከልኩት።)

እንደምን አደራቹ እህቶቼ። ከኋላ ያላቹት ይሰማል? ማይኩ ትንሽ ያፏጫል መሰለኝ፣ ካልተሰማ እጅ አውጡልኝ። በዚህ ውርጭ ህፃን አዝላቹ ከጠባሴ ከጫጫ ድረስ የመጣቹ አላቹ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ወንዶችም አይቻለሁ፣ ሶስት ቆጠርኩ፣ ጎሽ።

መጀመሪያ ራሴን ላጋልጥ። ሀኪም አይደለሁም፣ ባልትና ቤት ነው ያለኝ። ሽሮ፣ በርበሬ፣ በሶ፣ የህፃን ምጥን እሸጣለሁ። ስለዚ ስለ ህፃን ዱቄት ሳወራ ይቺ ገበያዋን ልታደራ ነው ብትሉ አልቀየምም፣ እኔም ብሆን እንደዛ ነበር የማስበው። የማወራው ግን እንደ እናት የተሳሳትኩትን ነው፣ የራሴንም ዱቄት ቢሆን ዛሬ አላወድስላቹም።

የመጀመሪያ ልጄ ስድስት ወር ሲሞላት አንዲት ዘመዴ ከአረብ አገር መጣችና ሶስት ፓኬት ደረቅ የህፃን ምግብ አመጣችልኝ። ፓኬቱ ሲያምር! ነጭ፣ ቅጠል የተሳለበት፣ ጉንጩ የሞላ ህፃን የሚስቅበት፣ ከላይ በትልቁ ኦርጋኒክ ይላል። ሙቅ ውሃ ማፍሰስ ነው በቃ፣ ማማሰል የለ፣ እሳት የለ፣ አንድ ደቂቃ። እኔ ደግሞ ሱቅ ውዬ ነው የምገባው፣ ተገላገልኩ አልኩ። ሲያልቅ አዲስ አበባ አስፈልጌ አስገዛሁ፣ ዋጋውን አልነግራቹም ባሌ እስከዛሬ አያውቅም። ልጅቷም ወደደችው፣ ጥርግ አርጋ ነው የምትበላው።

ዘጠኝ ወሯ አካባቢ ግን ፊቷ ገረጣ። እኔ ያው ብርዱ ነው፣ ጥርስ ሊወጣ ነው ምናምን እያልኩ ነበር። ለክትባት ስወስዳት ሲስተሯ የአይኗን ቆብ ወደታች ሳብ አድርጋ አየች፣ ጣቷን ወግታ ደሟን ለካችና ደም ማነስ አለባት አለችኝ። ምን ትመግቢያታለሽ ስትለኝ በኩራት ፓኬቱን ከቦርሳዬ አውጥቼ ሰጠኋት፣ ይዤው ነበር የምዞረው። ሲስተሯ ፊቱን አላየችውም እኮ፣ ወዲያው ነው የገለበጠችው። ከጀርባው ምን አለ? የሩዝ ዱቄት፣ የፖም ዱቄት፣ አለቀ። ሁለት ነገር ነው። "ምግቡ መጥፎ አይደለም፣ ግን ይሄ ብቻ?" አለችኝ። ያቺ "ብቻ" እስከዛሬ ጆሮዬ ላይ አለች።

እንግዲህ ከዛን ቀን ወዲህ ነው ፓኬት ማንበብ የለመድኩት። ያኔ ያልገባኝ ነገር ምን መሰላቹ፣ ኦርጋኒክ የሚለው ቃል የሚነግረን እህሉ እንዴት እንደተዘራና እንዴት እንደታረመ ነው፣ የፋብሪካ ማዳበሪያና ፀረ ተባይ ኬሚካል እንዳልገባበት ነው። ልጄን ይበቃታል ወይ የሚለውን አይመልስም። ሁለቱ ጥያቄ ለየብቻ ነው፣ እኔ ግን በአንዱ መልስ ሁለቱንም የተመለሰልኝ መስሎኝ ነበር።

ስለ አይረን፣ ደም የሚሰራበት ማዕድን፣ ትንሽ ልበል፣ ምክንያቱም እኔን ያቃጠለኝ እሱ ነው። ህፃን ሲወለድ ከእናቱ ይዞት የሚመጣው የአይረን ስንቅ አለው፣ እሱ ወደ ስድስት ወር ግድም እየተሟጠጠ ይመጣል። የጡት ወተት ደግሞ ለሁሉ ነገር የሚሆን ነው ግን አይረኑ ትንሽ ነው። አሜሪካኖቹ ያወጡት ልክ አለ፣ ከ7 እስከ 12 ወር ያለ ህፃን በቀን 11 ሚሊግራም አይረን ያስፈልገዋል ይላል። አንድ ሙሉ ሰው ወንድ ስንት መሰላቹ? 8። አዎ፣ ያ ገና በደረቱ የሚሳበው ልጅ ሞፈር ከሚሸከመው አባቱ የበለጠ አይረን ይፈልጋል። ሆዱ ደግሞ በኪሎው ወደ 30 ሚሊሊትር ነው የሚይዘው፣ 8 ኪሎ የሆነ ልጅ አንዴ ሲበላ 240 ሚሊ፣ አንድ ኩባያ ማለት ነው። በዛች ኩባያ ውስጥ ሩዝና ፖም ብቻ ስትሞሉበት ለሌላው ቦታ አይተርፍም።

ስለዚ ፓኬት ስትገዙ ገልብጡና መጀመሪያ ምን ምን እንደገባበት እዩ፣ ቀድሞ የተጻፈው በብዛት ያለው ነው። ቀጥሎ አይረን የሚል መስመር ፈልጉ፣ አንዳንዱ ላይ ፌረስ ፉማሬት ምናምን ተብሎ ነው የሚጻፈው፣ እሱም አይረን ነው። ከ100 ግራም ውስጥ ነው ቁጥሩን የሚጽፉት ግን ልጁ 100 ግራም አይበላም፣ 25 ግራም ቢበላ ሩቡን ነው ያገኘው፣ 10 ሚሊግራም የሚል ቢሆን 2 ተኩል ብቻ ነው የደረሰው። አይረን ካልተጨመረበት ደግሞ ከጎኑ ስጋ፣ እንቁላል፣ ምስር የመሳሰለውን እናንተ ታመጣላቹ። መጣል የለበትም እያልኩ አይደለም፣ ብቻውን አይሁን ነው።

ኦርጋኒክ የሚለውን ራሱን ማንም እየተነሳ ይጽፈዋል፣ እኔም ነገ ፌስታሌ ላይ በእስክሪብቶ ልጽፈው እችላለሁ። እውነተኛው ምልክት አለው። የአውሮፓው አረንጓዴ ሆኖ በነጭ ኮከቦች የተሰራ የቅጠል ቅርፅ ነው፣ ከስሩ ያረጋገጠው አካል ኮድ አለው። የአሜሪካው ክብ ማህተም ያለው ቢያንስ 95 በመቶው ኦርጋኒክ ከሆነ ነው፣ "ከኦርጋኒክ ነገሮች የተሰራ" የሚል ብቻ ካለው ግን 70 በመቶ ከሆነ ይበቃዋል ማህተሙንም አይለጥፍም። እኛም አገር በፈረንጆቹ 2006 የወጣ የኦርጋኒክ ግብርና አዋጅ አለ፣ ቁጥር 488። ቡናና ሰሊጥ ወደ ውጪ የሚልኩት ሰርተፊኬት ያወጣሉ፣ የመንዝ ገበሬ ግን ለሁለት ጥማድ ገብሱ ሰርተፊኬት ላውጣ ብሎ ብር አይከፍልም አይደል። ስለዚ እዚህ ገበያ ላይ "ይሄ ማዳበሪያ ያልነካው ነው እህቴ" የሚላቹ ሰው እውነቱን ሊሆን ይችላል፣ ማረጋገጫው ግን ፊቱ ብቻ ነው።

እሺ ማሳው ላይ ኬሚካል አልነካውም እንበል። ጎተራውስ? ይሄን ማንም አይጠይቅም! ማሳ ላይ ፅድት ብሎ የበቀለ እህል ቤት ገብቶ የነቀዝ መድኃኒት ይደረግበታል። ከየሱቁ የምትገዙት ያ ኪኒን እርጥበት ሲያገኝ መርዛም ጋዝ ነው የሚያወጣው፣ እህሉ ባለበት ቤት ሰው ከተኛ ይገድላል፣ ህፃን ደግሞ ቶሎ። በዱቄት መልክ የሚነሰነሰውም አለ፣ እሱ እህሉ ላይ ይቀራል። እና እኔ ለህፃን ምጥን እህል ስገዛ ማዳበሪያ ነክቶታል ወይ ብዬ ከመጠየቄ በፊት "ምን አርጋችሁ ነው ያስቀመጣችሁት" ነው የምለው። አየር የማያስገባው ባለ ድርብ ላስቲክ ከረጢት ውስጥ የከረመ ከሆነ ደስ ይለኛል፣ ነቀዙ አየር አጥቶ ነው የሚሞተው። ድሮ እናቶቻችን ሽምብራውን ከጤፍ ጋር ደባልቀው ያስቀምጡት የነበረው ለምን ይመስላችኋል፣ ጤፉ ክፍተቱን ሁሉ ሞልቶ ነቀዙ መላወሻ እንዲያጣ ነው። ያ ኦርጋኒክ ካልተባለ ምን ይባላል።

ወደ አመቺነቱ እንምጣ፣ ሁላቹም የመጣቹት ለሱ ነው አውቃለሁ። ስራ አለ፣ ትምህርት አለ፣ እንጨት እርጥብ ነው፣ መብራት ይጠፋል። ደረቅ ምግብ ስትይዙ አንድ ነገር ለዩ፣ በስሎ የደረቀ ነው ወይስ ጥሬውን የደረቀ? ያ የፓኬቱ እህል ፋብሪካ ውስጥ ተቀቅሎ ጋለ ባለ ብረት ላይ ደርቆ የተፈረፈረ ነው፣ ለዛ ነው ሙቅ ውሃ የሚበቃው። የኛም በሶ እንደዛው ነው እኮ፣ ገብሱ ታምሶ ነው የተፈጨው፣ ስለዚ በሶ የአባቶቻችን ኢንስታንት ነው፣ መንገደኛው በቅል ውሃና በበሶ ስንት ቀን ይሄድ የለ። ጥሬ የተፈጨ የምስር የባቄላ ዱቄት ግን ሙቅ ውሃ አፍስሶ መስጠት አይሆንም፣ መብሰል አለበት፣ ሆድ ነው የሚነፋው። ደግሞ ማድረቅ ጀርምን ያስተኛዋል እንጂ አይገድለውም፣ ውሃ ሲያገኝ ይነሳል። በሶም ሆነ ፓኬት ለህፃን ሲሆን የፈላ ውሃ ነው፣ የተበጠበጠው ከሁለት ሰዓት በላይ ቆይቶ አይሰጥም፣ የተረፈውን እናንተው ጠጡት።

እዚህ ጋር አንድ የኛ አገር ጉዳይ አለ። ደብረ ብርሃን ከባህር ወለል ወደ 2,800 ሜትር ከፍ ያለች ናት፣ ውሃ እዚህ 100 ዲግሪ ደርሶ አይደለም የሚፈላው፣ 90 ትንሽ አለፍ ሲል ይንፈቀፈቃል። ባህር ዳርቻ ያለ ፋብሪካ "5 ደቂቃ ቀቅሉ" ብሎ ቢጽፍ እኛ ዘንድ አይበቃም፣ መሀል ሜዳ ጋ ደግሞ ጭራሽ። ሸዋ ሮቢት ያላቹ ትሻላላቹ። ስለዚ ሲፈላ አይታቹ አታውርዱ፣ ጥራጥሬ ያለበት ከሆነ ሩብ ሰዓት ሀያ ደቂቃ ይንተክተክ። (አንዷ እናት "ለዛ ነዋ ሽሮዬ ሁሌ ጥሬ ጥሬ የሚለኝ" አለች፣ ቤቱ ሳቀ።)

ሩዝን በተመለከተ፣ ሩዝ ውሃ የተኛበት ማሳ ላይ ስለሚበቅል አርሴኒክ የሚባለውን መርዛም ነገር ከአፈሩ ከሌላው እህል በላይ ይስባል። ኦርጋኒክ ሩዝም ያው ይስባል፣ አፈሩ ውስጥ ያለ ነዋ። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት መስሪያ ቤት በ2020 ለህፃናት የሩዝ ሴሪያል በኪሎ ከ100 ማይክሮግራም እንዳያልፍ ብሎ ልክ ያወጣው ለዚህ ነው። አንዳንዴ ሩዝ ብትሰጡ ምንም አይደል፣ እንደኔ ሶስት ወር ሙሉ ጠዋት ማታ ሩዝ አታድርጉ ነው። ገብስ፣ አጃ፣ ጤፍ፣ ስንዴ እያለ።

ጤፍ ስል ደግሞ ጤፍ አይረን ስላለው ስጋ አያስፈልግም የሚሉ አሉ፣ እኔም ከፓኬቱ ጀርባ ጽፌው ነበር ድሮ፣ አሁን አንስቼዋለሁ። ጤፍ አይረን አለው፣ ግን ሲለካ ከሚታየው ብዙው አውድማ ላይ ከአፈር የገባ ነው፣ ሰውነት አፈሩን እንደ ምግብ አይወስደውም። ልጁ ከምግቡ ጋር ሻይ ከጠጣ ደግሞ ያቺንም ያስቀርበታል። ሻይ ለህፃን አትስጡ፣ ዳቦ ነክራቹም ቢሆን።

ድክ ድክ ለሚሉት የሚሸጡት ፓፍ (የተነፋ የእህል መክሰስ)፣ የደረቀ ፍራፍሬ፣ ብስኩት ላይ ብዙ አልቆይም። ኦርጋኒክ ስኳር ስኳር ነው። የፍራፍሬ ጭማቂ ተጨምቆ ደርቆ ቢገባም ስኳር ነው። የደረቀ አፕሪኮት ሱፐርማርኬት ስታዩ ብርቱካናማ ሆኖ የሚያበራው ድኝ የታጠነ ነው፣ ኦርጋኒኩ ቡናማ ነው፣ ያረጀ ይመስላል ግን እሱ ነው ትክክለኛ መልኩ፣ እዚህ ላይ አይናቹ እንዳያታልላቹ። ማንጎ ከሸዋ ሮቢት በወቅቱ ርካሽ ነው፣ ስስ አርጋቹ ቆርጣቹ በጥላ አድርቁት፣ ፀሀይ ላይ ካሰጣቹት ለአይን የሚጠቅመውን ቫይታሚን ፀሀዩ ይበላዋል። በፍሪዝ ድራይ፣ ማለት በረዶ ተደርጎ፣ የደረቀውም ሽታውና ቫይታሚኑ ይሻላል፣ ግን አንዴ ከተከፈተ እርጥበት ይጠጣል፣ እሱን ከፍታቹ ሳምንት አታቆዩት።

ማነቅ ግን ላልፈው አልችልም። የደረቀ ነገር ለሁለት አመት ልጅ ስትሰጡ መጀመሪያ እናንተ አፋቹ ውስጥ አድርጉት፣ ሳታኝኩ በምላስና በላንቃ ጫን አርጉት፣ ካልሟሟ ወይ ካልፈረሰ ለልጁ አይሆንም። ቆሎ አይፈርስም። እኛ ደግሞ ቆሎ የሌለበት ኪስ የለን፣ እንግዳ ሁሉ መጥቶ ለህፃኑ ዘግኖ ይሰጠዋል፣ እምቢ ማለት ደግሞ ነውር ይመስለናል። እምቢ በሉ። ቆሎ፣ ኦቾሎኒ፣ ሱፍ እንደወረደ አምስት አመት እስኪሞላው ይቆይ፣ ተፈጭቶ ገንፎ ውስጥ ይግባለት። ዘቢብም ቢሆን ዘፍዝፋቹ ከትፋቹ ነው።

አሁን የራሳችንን ምጥን ደግሞ እንገልብጠው፣ ሁሌ በፈረንጅ ፓኬት ላይ ብቻ አይሆንም። የቤት ምጥን ጀርባው ላይ ጽሑፍ የለውም፣ ጽሑፉ ሰፌድ ላይ ነው ያለው። ገብሱን ስትለቅሙ እንክርዳዱን ታውቁታላቹ፣ ቀጭን ሆኖ ወደ ግራጫ ይሄዳል፣ ትልቅ ሰው እንኳን ያዞራል፣ የጠላ ብቅል ውስጥ ሲገባ ጠጪውን ምን እንደሚያደርገው አይታቹ የለ። ለህፃን ሲሆን በደንብ ባለ ብርሃን ቦታ፣ አይኗ ጥሩ የሆነች ልጅ ትልቀመው። ጠቆር ብሎ እንደ አይጥ ኩስ ረዘም ያለ ፍሬ ገብሱ ውስጥ ካያቹም አውጡት፣ እሱ ፈንገስ ነው።

ጓያ! የኛ አካባቢ ጓያ ያበቅላል፣ ሽሮም ላይ ይደባለቃል፣ ርካሽ የሆነ ሽሮ ስታገኙ ለምን ረከሰ በሉ። ጓያ ብዙ ቀን ደጋግሞ ከተበላ እግር ያሽመደምዳል፣ የማይመለስ ነው። በፈረንጆቹ 1990ዎቹ ደላንታና ዳውንት በችግር ቀን ጓያ በልቶ ስንት ሰው ነው ምርኩዝ የያዘው። መቁላት አያድነውም። ለህፃን ምጥን ተፈጭቶ የተዘጋጀ ዱቄት ከማላውቀው ሰው የማልገዛው ለዚህ ነው፣ ሽምብራና ጓያ ከተፈጨ በኋላ ማን ይለየዋል። ፍሬውን ግዙ፣ ራሳቹ አስፈጩ።

ወፍጮ ቤት ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። ከናንተ በፊት ምን ተፈጨ? አንዴ የህፃን ምጥን አስፈጭቼ ቤት ገብቼ ገንፎውን ሳቀምስ ልጄ ጮኸች፣ ለካ ከፊቴ የነበረችው ሴትዮ በርበሬ ነበር ያስፈጨችው። በርበሬ እንኳን ያስታውቃል፣ ጓያ ቢሆን ግን በምን አውቀው ነበር። አሁን ሁለት ኪሎ ገብስ ለማጠቢያ ብዬ ይዤ እሄዳለሁ፣ እሱ ቀድሞ ይፈጫል፣ ለአዋቂ ቂጣ ይሆናል፣ ከዛ ነው የህፃኑ የሚገባው። ወፍጮ ፈጪው መጀመሪያ ይስቅብኝ ነበር አሁን ግን ራሱ ነው የሚያስታውሰኝ።

ሻጋታን ደግሞ በጠረኑ ታውቁታላቹ፣ ቆላ ላይ ከጉድጓድ የወጣ ማሽላ እንዴት እንደሚሸት። አፍላቶክሲን የሚባለው መርዝ የሻጋታው ስራ ነው፣ በማሽላ፣ በበቆሎ፣ በኦቾሎኒ ላይ ይበዛል፣ መቁላትም መቀቀልም አያጠፋውም። አውሮፓውያን ለአዋቂ እህል በኪሎ 2 ማይክሮግራም ሲፈቅዱ ለህፃን ምግብ 0.1 ነው፣ ሀያ እጥፍ ያጠበቁት ህፃን ቶሎ ስለሚጎዳ ነው። የሻገተውን ለቅሜ ደህናውን ልፍጭ የሚባል ነገር ለህፃን አይሰራም፣ እሱን ተዉት።

የምጥኑ ልክ ሶስት እጅ እህል አንድ እጅ ጥራጥሬ ነው፣ በቃ። አስራ ሁለት አይነት እህል የገባበት ብለው የሚያስተዋውቁ አሉ፣ እኔ አንድ ሰሞን አስራ አራት አድርጌ ሸጬ ነበር። ከዛ ምን ሆነ መሰላቹ፣ አንድ ልጅ ሆዱ ሲታመም የትኛው እንደሆነ በምን ይታወቃል። ገብስ ወይ አጃ ከመንዝ፣ ሽምብራ ከሚንጃር፣ ምስር ከጅሩ፣ ከዚህ በላይ ምን ትፈልጋላቹ። ዱቄቱን በወር የሚያልቅ ያህል ብቻ አስፈጩ።

ውፍረቱ ላይ ደግሞ እናቶች ሲሳሳቱ አያለሁ። ህፃን ስለሆነ ብለን አጥሚቱን ውሃ እናደርገዋለን። ያቺ ኩባያ ሆድ በውሃ ሞላች ማለት ነው። ማንኪያውን ዘንበል ስታደርጉት የማይፈስ ይሁን። ወፍሮ አልዋጥ ካለው ውሃ አትጨምሩ፣ ብቅል ጨምሩ። አዎ ብቅል፣ የጠላው ብቅል፣ የገብስ ሆኖ ንጹህ ከሆነ። ገንፎው ከእሳት ወርዶ ለብ ሲል አንድ የሻይ ማንኪያ የብቅል ዱቄት አግቡና አማስሉት፣ አይናቹ እያየ ይቀጥናል፣ ውሃ ሳይገባበት እኮ ነው፣ ከዛ መልሳቹ እሳት ላይ አንዴ አንተክትኩት ብቅሉ ጥሬ ስለሆነ። ሰክሮብሽ ነው ወይ ያለችኝ አለች፣ ኧረ አይሰክርም፣ ጌሾም ጥንስስም የለው።

ጾምን ላነሳ ነው አትቆጡኝ። ቤተክርስቲያንም ጾምን የምታዘው ከሰባት አመት ጀምሮ ነው፣ የስምንት ወር ልጅ አይጾምም፣ ይሄን ሁላቹም ታውቁታላቹ። ችግሩ እቃው ነው። ድስቱ ይገድፋል ብለን ለልጁ እንቁላልም ወተትም ሳንሰራ ሁለት ወር ሁዳዴ ያልፋል። መፍትሄው ቀላል ነው፣ የልጁ ትንሽ ድስት፣ ሳህን፣ ማንኪያ ለብቻ። ደረቅ ምግብ እዚህ ጋር ነው የሚያድነን፣ ቋንጣ ከፍስኩ ቀን ጀምሮ አዘጋጁለት፣ በርበሬና ጨው የሌለበት፣ ቀጭን ቀጭን ተደርጎ ዝንብ በማይደርስበት ደርቆ፣ ከዛ ለብ አርጋቹ ውቀጡትና ነፍታቹ በጠርሙስ ያዙ። አንድ ማንኪያ የቋንጣ ዱቄት ገንፎው ላይ ሲበስል ሙዳውን ማኘክ የማይችለው ልጅ ስጋ በላ ማለት ነው። ከሁሉም ፓኬት የምወደው እሱን ነው፣ አሻሻጥ ግን ፈቃድ ስለሚጠይቅ እኔ አልሸጠውም።

ጥያቄ ላይ አንድ እናት ተነሱ፣ ነጠላቸውን አስተካክለው፣ "ልጄ፣ እኛ በሶና ጎመን በልተን አይደለም ወይ እዚህ የደረስነው? ይሄ ሁሉ ጭንቀት ምንድነው?" አሉኝ። እማዬ፣ እርሶ ደርሰዋል፣ ተመስገን፣ ያልደረሱትን ደግሞ እርሶ ከኔ በላይ ያውቋቸዋል አልኳቸው። ዝም አሉ። በ2019 የተደረገው የአገሪቱ ጥናት ላይ አማራ ክልል ውስጥ ከአምስት አመት በታች ካሉት ልጆች 41 በመቶው ለእድሜያቸው ቁመታቸው ያነሰ ነበር፣ ከአገሩ አማካይ ከ37ቱ በላይ። እህል የሚሸጥ ክልል ነው እኮ። ጎተራው ሙሉ ሆኖ ሳህኑ ላይ ያለው አንድ አይነት ስለሆነ ነው። "የመንዝ ሰው እንኳ አጭር አይደለም" አሉኝ ቁጭ እያሉ፣ እሱንም አልከራከርዎትም አልኩ።

ማርና ቅቤን የጠየቀችኝ አለች። ማር አንድ አመት ሳይሞላው በጭራሽ፣ ንጹህ የአንኮበር ማርም ቢሆን፣ ለትልቅ ሰው ምንም የማይለው ጀርም የህፃን አንጀት ውስጥ መርዝ ያመርታል። አዲስ ለተወለደ ቅቤ ማዋጥም ይቅር፣ እስከ ስድስት ወር ጡት ብቻ ነው፣ ውሃም የለም። ጡቱ ደግሞ እስከ ሁለት አመትና ከዛም በላይ ይቀጥላል፣ ዱቄቱ ሲጀመር ጡት አይቆምም።

የመጨረሻዋ ልጅ እግር ናት፣ የሰባት ወር ልጅ ታቅፋለች፣ ሁሉም ሲወጣ ጠብቃ "እትዬ፣ ይሄን ሁሉ ሰማሁ፣ ግን ዛሬ ማታ ምን ላብላው?" አለችኝ። ቤት ምን አለሽ ስላት የገብስ ዱቄት፣ ክክ ምስር፣ እንቁላል፣ ትንሽ ቅቤ አለች። በቃ አለሽ እኮ አልኳት። ምስሩን አፍልተሽ እስኪፈርስ ቀቅዪው፣ አንድ ጭልፋ። ሶስት የሾርባ ማንኪያ ዱቄት በቀዝቃዛ ውሃ በጥብጠሽ አግቢበት፣ እያማሰልሽ ሀያ ደቂቃ። እንቁላሏን መትተሽ እዛው ላይ አፍስሺ፣ ነጩም አስኳሉም በደንብ እስኪረጋ። ጨው የለም። ቅቤው መጨረሻ ላይ አንዲት የሻይ ማንኪያ፣ የተነጠረ ይሁን፣ ኮረሪማው ያልገባበትን ለሱ ቀንሺለትና ባለቅመሙን ለራሳቹ አስቀሪ።